ቢንያም ግርማይ፦ አረንጓዴው ማልያ በሦስቱ ድሎች ብቻ አልተገኘም

ካቴና (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ኤርትራዊው ብስክሌተኛ ስለ ቢንያም ግርማይ ሲወራ ወሬው ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ያልቃል። «የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ» ይባላል፣ ከዚያ ይዘጋል። እኔ ልጁ እንዴት እንደሚጋልብ ማውራት ነው የምፈልገው። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቢንያም የተወለደው ኤፕሪል 2 ቀን 2000 አስመራ ነው። በወጣትነቱ ስዊዘርላንድ ኤግል ከተማ ወደሚገኘው የዓለም ብስክሌት ማዕከል ሄዶ ሠለጠነ። በ2018 ቤልጅየም ውስጥ በተካሄደ የወጣቶች ውድድር፣ በኦቤል–ቲሚስተር–ስታቬሎ፣ የመጀመሪያውን ቀን አሸነፈ። ያን ቀን ከኋላው ከቀሩት መካከል ሬምኮ ኤቨንፑል ይገኝበታል። ሬምኮ አጠቃላይ ውድድሩን ወሰደ፤ በኋላም የዓለምና የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ሆነ። ይህን የማነሳው ልጁ ከሰማይ ዱብ እንዳላለ እንድታዩልኝ ነው። በ18 ዓመቱም ከምርጦቹ ጋር እኩል ይሮጥ ነበር።

በ2020 ዴልኮ በሚባል የፈረንሳይ ቡድን ፕሮፌሽናል ሆነ። ቡድኑ ግን በ2021 ገንዘብ አጠረው። ቢንያም በውድድር ዘመኑ መሃል፣ በኦገስት፣ ወደ ቤልጅየሙ ኢንተርማርሼ ተዛወረ። አንድ ወር ያህል ቆይቶ ሌቨን ከተማ ላይ ከ23 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና የብር ሜዳልያ አገኘ። በመንገድ ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና ጥቁር አፍሪካዊ ሜዳልያ ሲያገኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ ማርች 27 ቀን 2022 መጣ። ጌንት–ቬቬልጌም፣ ቤልጅየም ውስጥ የሚካሄድ የአንድ ቀን ውድድር። 249 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ አለ፣ ኮብልስቶን አለ፣ ኬመልበርግ የሚባለው ቀጥ ያለ ዳገት አለ። ቢንያም ይህን ውድድር ሊሮጥ እቅዱ ውስጥ እንኳን አልነበረም። ከሁለት ቀን በፊት ኢ3 በሚባለው ውድድር አምስተኛ ወጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ አስመራ፣ ወደ ባለቤቱና ወደ ትንሿ ልጁ ሊሄድ ነበር ሐሳቡ። ቡድኑ «አንድ ቀን ጨምር» አለው፤ ጨመረ።

መጨረሻ ላይ አራት ሰው ቀረ። እሱ፣ ክሪስቶፍ ላፖርት፣ ድሪስ ቫን ጌስቴል እና ያስፐር ስታይቨን። ሦስቱ ከእሱ የበለጠ ልምድ ነበራቸው። አራት ሰው ሲቀር ብዙ ጊዜ ሁሉም ይተያያል። ማንም ቀድሞ መውጣት አይፈልግም፤ ቀድሞ የወጣ ነፋሱን ብቻውን ይበላዋል፣ ሌሎቹ በጥላው ተሸሽገው በመጨረሻዋ ሰኮንድ ያልፉታል። ቢንያም ግን 250 ሜትር ገደማ ሲቀር ተነሣ። ሩቅ ነው! ላፖርት ደረሰበት፣ ጎኑ ድረስ መጣ፣ አላለፈውም።

እኔን የገረመኝ ጉልበቱ አይደለም። ሌሎቹ እርስ በርስ በሚተያዩባት አንዲት ቅጽበት መወሰኑ ነው። የዚህ ልጅ ጥበብ እዚያ ላይ ያለ ይመስለኛል፤ ጊዜና ቦታ ያውቃል። ከማን ጎማ ኋላ መቀመጥ እንዳለበት፣ መቼ መልቀቅ እንዳለበት ያውቃል። በ2024 ቱር ደ ፍራንስ አረንጓዴውን ማልያ ያስገኘለትም ይኸው ነው ባይ ነኝ። እናንተስ?

ዳገት ወዳድ

ካቴና፣ ጥሩ ነገር አነሣህ። ግን የጂሮውን ነገር ዘለልከው። ለእኔ የልጁን ልክ ያየሁት እዚያ ነው።

የ2022 ጂሮ ዲ ኢታሊያ (የጣልያን ዙር፣ እንደ ቱር ደ ፍራንስ የሦስት ሳምንት ውድድር) የተጀመረው ሀንጋሪ ነው። የመጀመሪያው ቀን ቪሼግራድ ላይ ሽቅብ ነበር የሚያልቀው። ማቲው ቫን ደር ፑል አንደኛ፣ ቢንያም ሁለተኛ ወጡ። ከዚያ በ10ኛው ምዕራፍ፣ ሜይ 17፣ ከፔስካራ ወደ ዬሲ ሲሮጡ እንደገና ሁለቱ ተገናኙ። መንገዱ መጨረሻ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የበዛበት ነበር። ኮረብታ በመጣ ቁጥር ሰው ይራገፋል፣ ቢንያም ግን አለ። በመጨረሻው ሽቅብ ሩጫ ቢንያም ቀድሞ ወጣ። ቫን ደር ፑል ጎኑ ድረስ መጣ፤ ከዚያ እግሩ እምቢ አለው። ተሸንፎ እንኳን ፔዳሉ ላይ ሆኖ አውራ ጣቱን አነሣለት። ያን ምስል አልረሳውም።

ከዚያ መድረክ ላይ ያ ቡሽ። የሽልማቱን ጠርሙስ ሲከፍት ቡሹ ተስፈንጥሮ ግራ ዓይኑን መታው። ሆስፒታል ሄደ፣ በማግስቱም አልሮጠም። በሕይወቱ ትልቁ የጂሮ ድል ባገኘባት ቀን ውድድሩ አበቃበት። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት ተመልሶ መምጣቱን ሳስብ ልቤ ይነካል።

ሊያ

ሰላም። እኔ ብስክሌት ብዙም አላውቅም፤ በ2024 ሰው ሁሉ ስለሱ ሲያወራ ነው ማየት የጀመርኩት። አንድ ጥያቄ አለኝ። ቢጫ ማልያ የለበሰው አሸናፊው ከሆነ፣ አረንጓዴው ምንድን ነው? ሁለተኛ የወጣ ሰው ነው እንዴ?

ካቴና

ሊያ እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ሁለተኛ ማለት አይደለም፤ ራሱን የቻለ ሌላ ውድድር ነው።

ቢጫው የሰዓት ነው። 21 ምዕራፎችን (አንድ ምዕራፍ ማለት የአንድ ቀን ውድድር ነው) በድምሩ በትንሹ ሰዓት የጨረሰ ይወስደዋል። በ2024 ታዴይ ፖጋቻር ወሰደው። አረንጓዴው ደግሞ የነጥብ ነው። ከ1953 ጀምሮ አለ። በየቀኑ መጨረሻው መስመር ላይ ቀድመው የገቡት ነጥብ ይሰጣቸዋል። ሜዳ በሆነ ቀን አንደኛው 50 ነጥብ፣ ሁለተኛው 30፣ ሦስተኛው 20 ያገኛል፤ እያለ ይወርዳል። መንገድ መሃል ላይ ደግሞ ሌላ የነጥብ መስመር አለ። እዚያ ለመጀመሪያው 20 ነጥብ ይሰጣል።

ሜዳ በሆነ ቀን የሚሰጠው ነጥብ ከተራራው ቀን ስለሚበልጥ ማልያው ለፈጣኖቹ፣ ለስፕሪንተሮቹ ያደላል። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ነጥብ መልቀም ይጠይቃል። አንድ ቀን ብቻ አሸንፎ መተኛት አይቻልም። ፒተር ሳጋን ሰባት ጊዜ ወስዶታል፤ ክብረ ወሰኑ የሱ ነው።

ቢንያም በ2024 ሦስት ምዕራፍ አሸነፈ። 3ኛውን ቱሪን ላይ፣ 8ኛውን ኮሎምቤ-ሌ-ዴ-ዜግሊዝ ላይ፣ 12ኛውን ቪልነቭ-ሱር-ሎት ላይ። ነጥቡም 387 ሆነ። ሁለተኛ የወጣው ያስፐር ፊሊፕሰን 354 ነበረው።

ማኅደር

አንድ ነገር ላርም፤ ቅር እንዳትሰኙ። በየቦታው «ቱር ላይ ምዕራፍ ያሸነፈ የመጀመሪያው አፍሪካዊ» እየተባለ ሲጻፍ አያለሁ። ትክክል አይደለም። ደቡብ አፍሪካዊው ሮበርት ሀንተር በ2007 ሞንፔሊዬ ላይ አሸንፏል። በ2013 ደግሞ ሌላው ደቡብ አፍሪካዊ ዳሪል ኢምፒ ቢጫ ማልያ ለብሷል። ቢንያም የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ የምዕራፍ አሸናፊ ነው። አረንጓዴውን ማልያ በመውሰድ ግን ከአፍሪካ ማንም አልቀደመውም። ያ በራሱ በቂ ነው፤ ማጋነን አያስፈልገውም።

ደግሞ በፊቱ የሄዱትን አንርሳ። በ2015 ዳንኤል ተክለሃይማኖትና መርሃዊ ቅዱስ ለኤምቲኤን-ኩቤካ ቡድን ቱር ደ ፍራንስ ሲገቡ ከጥቁር አፍሪካውያን የቀደማቸው አልነበረም። ዳንኤል በ6ኛው ምዕራፍ የተራራውን ማልያ፣ ያንን ነጭ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያለበትን፣ ለበሰው። በዓመቱ፣ በ2016፣ የኛው ጽጋቡ ግርማይ በላምፕሬ ቡድን ቱር ደ ፍራንስን የሮጠ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ቢንያም ያለፈበትን በር የገፉት እነዚህ ናቸው።

ካቴና

ማኅደር፣ ልክ ነህ፣ አመሰግናለሁ። ስለ ጽጋቡ ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል። ዓመታት ሙሉ ለሌሎች ነፋስ ሲከላከል፣ ውኃ ሲያቀብል ነው የሮጠው። የዚያ ሥራ ስም ውጤት ሰንጠረዥ ላይ አይታይም።

የአስመራ ልጅ

ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን ሁሉ አነበብኩ። ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ያደግሁት አስመራ ነው። ትንሽ ላጫውታችሁ።

አስመራ ላይ ብስክሌት ስፖርት ብቻ አይደለም። ብሽክለታ እንላታለን። ዳቦ የሚያመላልሰው በሷ ነው፣ ተማሪው በሷ ነው፣ ሽማግሌው ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመው በሷ ነው። የውድድር ቀን ኮምቢሽታቶ፣ የከተማዋ ዋና መንገድ፣ ግራና ቀኙ ሰው ይሆናል። ጋላቢዎቹ ከመታየታቸው በፊት ድምፃቸው ነው የሚመጣው፤ የካቴናው ድምፅ፣ እንደ ዝናብ። ልጆች ሳለን ዓይናችንን ጨፍነን ስንት ሰው እንዳለፈ በድምፁ እንገምት ነበር።

ብስክሌቱን ያመጡት ጣልያኖች ናቸው። ሲያመጡት ግን የአገሩ ሰው ከነሱ ጋር እንዲወዳደር አይፈቅዱም ነበር። በ1939 አንድ ጊዜ ፈቀዱ። ገብረማርያም ገብሩ የሚባል ሰው አሸነፋቸው። አባቴ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ይቀየር ነበር። የኤርትራ ዙር በ1946 ተጀመረ፣ ብዙ ዓመት ተቋረጠ፣ በ2001 ተመለሰ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትካፈል፣ በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ሄደው ነበር። ገረመው ደንቦባ ከነዚያ አንዱ ነው። ይህ ታሪክ አሮጌ ነው፣ የትናንት አይደለም።

ቢንያም ለምን ዳገት ላይ አይራገፍም ብላችሁ ለምትጠይቁ፣ ከተማዋን እዩ። አስመራ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ወደ ምጽዋ ስትወርዱ ነፋሲትን፣ ጊንዳዕን አልፋችሁ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ ባሕር ላይ ትደርሳላችሁ። ቁልቁለቱ ደስ ይላል። መመለስ ግን አለ።

ዳገት ወዳድ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። «የካቴናው ድምፅ እንደ ዝናብ» ያሉትን ካነበብኩ በኋላ ዝም ብዬ ቆየሁ። ሌላም ካለዎት ይጻፉልን።

ቁጥር አጥባቂ

ካቴና፣ በአንድ ነገር አልስማማም። ቢንያምን እወደዋለሁ፤ ግን አረንጓዴው ማልያ «ጊዜና ቦታ በማወቅ» ብቻ ተገኘ ማለት ሙሉ እውነት አይደለም። 6ኛውን ምዕራፍ አስታውስ፤ ዲዦን ላይ። ዲላን ግሩነቨገን አሸነፈ፣ ፊሊፕሰን ሁለተኛ ገባ። ግን ፊሊፕሰን ከመስመሩ ወጥቶ ሌላውን ጋላቢ ቫን ኣርትን ወደ አጥሩ ስለገፋው ዳኞቹ አብረውት ከገቡት ጋላቢዎች ሁሉ መጨረሻ አደረጉት። የ30 ነጥብ ቦታ አጣ። ቢንያም ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ከፍ አለ፤ ለሱ 10 ተጨመረለት።

መጨረሻ ላይ ልዩነታቸው 33 ነጥብ ነበር። 40 ነጥብ የተንቀሳቀሰው በዳኛ ውሳኔ ነው። ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ለልጁም ክብር አይሆንም።

ካቴና

ቁጥር አጥባቂ፣ ስሌትህ ልክ ነው፤ እኔም ቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ። ግን ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ቀጥ ብሎ መሮጥ የስፕሪንት ሕግ ነው። በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረሩ መስመር መልቀቅ ሰው ይገድላል። ሕጉን ሳይጥስ ሦስት ሳምንት የጨረሰ ሰው ነጥቡ ሕጋዊ ነው። ቦታህን ቀድመህ ከያዝክ ሰው መግፋት አያስፈልግህም። እኔ ጊዜና ቦታ ማወቅ የምለው ይህንንም ይጨምራል።

ሁለተኛ፣ ማን ከማን ጋር ይሮጥ እንደነበር እይ። ፊሊፕሰን ፊቱ ሆኖ ነፋስ የሚከላከልለት ማን ነበር? ማቲው ቫን ደር ፑል! የዓለም ሻምፒዮኑ። የቢንያም ቡድን ግን ከዚያ ዓመት በፊት ቱር ላይ አንድም ምዕራፍ አሸንፎ አያውቅም ነበር። ቱሪን የቡድኑም የመጀመሪያ ናት።

ቱሪንን ደግሞ ተመልሰህ እያት። 230 ኪሎ ሜትር፣ የዚያ ዓመት ቱር ረጅሙ ቀን። መጨረሻው ሲቃረብ ሰው ወደቀ፣ ዋናው ቡድን ተበጣጠሰ፣ ፈጣኖቹን ከፊት የሚጎትተው የቡድን ጓደኞች ሰልፍ፣ ባቡር የሚባለው፣ ሁሉ ፈረሰ። ቢንያም የሚጎትተው ሰው ሳይኖረው ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው እየዘለለ በቀኝ በኩል በአጥሩ ጥግ ወጣ። ጋቪሪያን ቀደመ፣ ደ ሊን ቀደመ። በዚያው ቀን ሪቻርድ ካራፓዝ ቢጫውን የለበሰ የመጀመሪያው ኢኳዶራዊ ሆነ። አስመራና ኢኳዶር በአንድ ቀን።

ጎማ ለዋጭ

ወዳጆች፣ እኔ ራሴ በአማተርነት እወዳደራለሁ። ስለ ተራራው ቀን ማንም አልጻፈም፤ እኔ ልጻፍ።

ሰው አረንጓዴ ማልያ ሲያይ ስፕሪንት ነው የሚታየው። ግን ስፕሪንተር ቱርን የሚያጣው ተራራ ላይ ነው። በየምዕራፉ የሰዓት ገደብ አለ፤ ከአሸናፊው ሰዓት ላይ በመቶኛ ተሰልቶ ይወጣል። ፖጋቻር በዚያ ዓመት ተራራውን እንደ አውሎ ነፋስ ነበር የሚወጣው። እሱ በፈጠነ ቁጥር ለኋለኞቹ ያለው ሰዓት ይጠባል። ከገደቡ ካለፍክ በማግስቱ አትነሣም። ነጥብህ ሁሉ ዜሮ ነው።

ስለዚህ ከባዶቹ ጋላቢዎች ከኋላ ተሰባስበው ይወጣሉ። ግሩፔቶ ይባላል። ከኋላ ተጠግቶ የሚሄድ ሰው ሲሶ ያህል ጉልበት ሊያተርፍ ይችላል፤ ተራራ ላይ ግን ፍጥነቱ ስለሚወርድ ያ ጥቅም ያንሳል። እዚያ የሚያተርፍህ ልክህን ማወቅ ነው። አንዴ ከልክህ በላይ ከረገጥክ ቀኑን ሙሉ ትከፍላለህ። እኔ ይህን በራሴ እግር ተምሬዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ከኔ ከሚበልጡት ጋር ወጣሁ ብዬ መጨረሻው ላይ ብስክሌቴን እየገፋሁ ነው የገባሁት።

አሁን 16ኛውን ምዕራፍ አስቡት። ኒም ከተማ ልትገቡ ነው። አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ሲቀር አደባባይ ላይ ቢንያም ወደቀ። ክርኑና ጉልበቱ ተላጠ። ፊሊፕሰን አሸነፈ። የነበረው ሰፊ ልዩነት በአንድ ቀን ወደ 30 ገደማ ወረደ። ከፊቱ የአልፕስ ተራሮች አሉ። የቆሰለ ጉልበት ይዘህ፣ ፔዳል በረገጥክ ቁጥር ቁስሉ እየተከፈተ፣ በሰዓት ገደብ ውስጥ ለመግባት ኢዞላ 2000 የሚባለውን ዳገት መውጣት ምን እንደሆነ ለመግለጽ ቃል የለኝም። እሱ ወጣው። የመንገድ መሃል ነጥቦቹንም ታግሎ ወሰደ። አረንጓዴው ማልያ ለኔ እዚያ ነው የተገኘው።

ካቴና

ጎማ ለዋጭ፣ ይህ ከኔ ሐሳብ ይሻላል። ርዕሱን ያወጣሁት እንዲህ ያለ ነገር ውስጤ ስላለ ነው፤ ያስቀመጥከው ግን አንተ ነህ። እኔ የምወዳትን ድል ሳወራ የከበደችውን ቀን ረሳሁ።

ሊያ

እኔ እያነበብኩ ልቤ ተነካ። እና ከዚህ ሁሉ በፊት የወደቀበት ጊዜ ነበር? ማለቴ ከቱር በፊት?

ዳገት ወዳድ

ነበር። 2023 ለሱ ከባድ ነበር። በቱር ደ ስዊስ አንድ ምዕራፍ አሸነፈ፣ ጥሩ ነው። ግን በመጀመሪያው ቱር ደ ፍራንስ ባዶ እጁን ወጣ፤ ቦርዶ ላይ ሦስተኛ የወጣው ነበር የተሻለው። ሰው ሁሉ «ዛሬ ነው» ይላል፣ አይሆንም። በ2024 ጂሮ ደግሞ በ4ኛው ምዕራፍ እርጥብ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቆ አቋረጠ። ያ ሜይ ነበር። ቱሪን ላይ ያሸነፈው ጁላይ 1 ነው። ከወደቀ ሁለት ወር እንኳን አልሞላውም።

ካቴና፣ አንተ ወደጀመርክበት ድል ደግሞ ልመለስ። ለእኔ አሁንም ትልቁ ድል ጌንት–ቬቬልጌም ነው። ቱር ላይ ሲያሸንፍ የሚችል ሰው መሆኑ ይታወቅ ነበር። ቬቬልጌም ላይ ግን ከአፍሪካ የመጣ ሰው እነዚያን የቤልጅየም ፍላንደርስ መንገዶች ያሸንፋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እነዚያ መንገዶች እዚያው ተወልደው ላደጉት ናቸው ይባል ነበር።

ማኅደር

ዳገት ወዳድ፣ በዚህ ከአንተ ጋር ነኝ። ከዚያ ድል በኋላም ያደረገውን አስታውሱ። ሁሉም «የፍላንደርስ ዙርን ይሩጥ» እያለ ሲወተውት፣ እሱ እንዳሰበው አስመራ፣ ቤተሰቡ ጋ ሄደ። 21 ዓመቱ ነበር። በዚያ ዕድሜ እምቢ ማለት መቻል ቀላል አይደለም።

በ2025 ሴፕቴምበር የዓለም ሻምፒዮና ኪጋሊ ላይ ሲካሄድ፣ አፍሪካ ስታስተናግድ የመጀመሪያዋ ነበር። ዳገቱ ለስፕሪንተር የሚሆን አልነበረም፤ ፖጋቻር አሸነፈ። እኔ ግን መንገድ ዳር የቆሙትን ሕፃናት ነበር የማየው።

የአስመራ ልጅ

ሊያ ልጄ፣ እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። ቱሪን ላይ ያሸነፈ ዕለት ብቻዬን ነበር የማየው። የምኖረው ከአስመራ ሩቅ ነው። ጣልያን መሬት ላይ ነው ያሸነፈው። ገብረማርያምን አሰብኩ፣ አባቴን አሰብኩ። ተነሥቼ ደረጃው ሥር የቆመችውን አሮጌ ብስክሌቴን አየኋት። ጎማዋ ተንፍሶ ነበር። ነፋሁት።